የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሃ

ከወንዙ አፍ
ጨረቃ በአራት ቀኗ፣ የዝናቡ መግቢያ

ለኮከብ ቆጣሪው ወንድሜ፣

ሰንጠረዡ ተሰቀለ ወይ ብለህ በሦስት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኝ። ተሰቅሏል። ትኬት ከምቆርጥበት መስኮት በስተቀኝ፣ በአራት ሚስማር፣ ዝናብ እንዳያገኘው መስታወት ለብሶ ተሰቅሏል። ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ እየለጠፈ ያነበዋል። ማንበብ የማይችለውም ያነበዋል። «ባሕሩ ወደ ወንዛችን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚሸሽ፣ እዚያ ሩቅ አገር ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ልጅ አለን» ይላሉ። ኮከብ ቆጣሪ ሳይሆን ኮከብ አጥኚ ነኝ ብለህ የተቆጣኸውን ነግሬያቸው ነበር። «ያው ነው፣ እስቲ የኛንም ይይልን» አሉኝ።

እንደምን ሰነበትክ ሳልልህ ወሬ ጀመርኩ፤ ይቅርታ። እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ደህና ነን ማለት ነው፤ በመስመርና በመስመር መካከል እየገባህ አትመርምረኝ። ቀኑን በጨረቃ ዕድሜ ስለጻፍኩም አትሳቅ። በአባዬ ቤት ያደገ ሰው ሌላ አቆጣጠር ከየት ያመጣል? አንተም እንደዚያው ጻፍ፤ ያለዚያ ረሳን ብለን እናዝናለን።

አባዬ ሰንጠረዡ በተሰቀለ ቀን የውሃውን ከፍታ ከሚለካበት ቤት ጣሪያ ላይ ነጯን ጨርቅ አውርዶ፣ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተታት። ባሕሩ ሊገባ ሲል የሚሰቅላትን፣ ጀልባ ነጂ ሁሉ እሷን አይቶ ከመሻገር የሚቆምላትን ጨርቅ። «ከእንግዲህ በልጄ ወረቀት ነው» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰቀላት ጨርቅ ናት። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አላወቅሁም። መጀመሪያውኑ ሰንጠረዡን እንድትሠራ ወትውቺው እያለ ሲነዘንዘኝ የነበረው እሱ ስለሆነ ደስ ብሎታል ብዬ ያዝኩት።

ልክ ነው ወይ ላልከኝ ልክ ነው። ባሌ ባንተ ወረቀት ነው የሚሻገረው። እሱን ታውቀዋለህ፤ አገሩ ሁሉ አይቸኩል የሚለው በከንቱ አይደለም፣ ጫማውን ለማሰር ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ወረቀቱን አይቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ እንደገና ወረቀቱን አይቶ ነው ሞተር የሚያስነሣው። ባለፈው አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፤ ግን ተወው፣ የጀልባ ሰው ወሬ ነው።

መቼ ትመጣለህ? ከዝናቡ በኋላ እንዳትለኝ። አምናም ከዝናቡ በኋላ ነበር ያልከኝ፣ ካቻምናም።

እህትህ


ከኮከብ ማያው ቤት
ጨረቃ በአሥራ ሁለት ቀኗ

እታለም፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። በእርሳስ ስለጻፍኩልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እዚህ ሁሉም በቀለም ነው የሚጽፈው፣ እኔ ግን ልማዱ አልተወኝም። አባዬ «ቀለም ውሃ ይፈራል፣ እርሳስ አይፈራም» እያለ የገረፈን ነገር እጄ ላይ ቀርቷል። ታስታውሺያለሽ፣ በቀለም የጻፍኩት ገጽ በዝናብ ቀልጦ አንቺ ነሽ በኔ ፋንታ የተመታሽው።

ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ ላልሽኝ ይኸው ልንገርሽ፤ ለባለ ትኬቶቹ ግን እንዳትነግሪብኝ። ሞተው የቀሩ ሁለት ኮከቦች አሉ እንበል። ስፋታቸው ከአንድ ከተማ አይበልጥም፣ ክብደታቸው ግን ከፀሐይ ይበልጣል። አንዱ ሌላውን ይዞራል። በዞሩ ቁጥር ይቀራረባሉ፣ መጨረሻ ላይ ይጋጫሉ። ጨረቃ ባሕራችንን ጎትታ እንደምታሳብጠው እነሱም ሲቀራረቡ ይጓተታሉ፤ ክብ የነበረው እንቁላል ይሆናል። የኔ ሥራ መቼ እንደሚጋጩ ማስላት ነው። እንደ ብረት ድርቅ ያሉ ናቸው፣ አይለጠጡም ብዬ አሰላሁ። እነሱ ግን ከስሌቴ ቀድመው ተጋጩ። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ አለቃዬ ግን ለዚያች ጥቅሻ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በመጨረሻ «የሚለጠጥ ነገር ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህን ሳታውቅ ነው እንዴ እዚህ የገባኸው?» አሉኝ። በባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ይህን መሳቴ አሳፈረኝ። ስለ ሥራዬ ሌላውን ተዪው፣ ደህና ነው።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ። አይቸኩል ምንድን ነው ያለሽ? ተወው ብለሽ የጻፍሽውን ልተወው አልቻልኩም። ሁለተኛው፣ ሰንጠረዡን የሠራሁባቸውን የአባዬን ደብተሮች ልመልስልሽ ሳገላብጥ የሁለቱ የመጨረሻ ዓመታት ጽሕፈት እንደ ጉንዳን መንገድ ደቃቅ ሆኗል። ዱሮ እኮ ፊደሉ ከሩቅ ይጠራ ነበር። ምን ሆኖ ነው?

ከዝናቡ በኋላ እመጣለሁ። የዘንድሮው እውነት ነው።

ወንድምሽ


ከወንዙ አፍ
ጨረቃ በሃያ አራት ቀኗ

ወንድሜ፣

ሰላምታዬን ከፊት አስቀድሜ ይቅርታዬን አስከትላለሁ፤ የደበቅኩህ ነገር አለ።

አይቸኩል ያለኝ ይህን ነው፦ ውሃው ሁለት ጊዜ ከወረቀትህ ቀድሞ መጣበት። አንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዴ ከዚያ ከፍ ይላል። ትንሽ ሙላት ስለነበረ ጀልባዋን ገፍቷት አለፈ። «ለወንድምሽ እንዳትጽፊ። ሞተሬ ደክሟት፣ እኔው ዘግይቼ ይሆናል። ልጁ ስንት ሌሊት የደከመበትን በኔ አሮጌ ሞተር ምክንያት አናሳዝነው» አለኝ። እኔም ላንተ አዝኜ ዝም አልኩ። ከጻፍኩልህ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባል የለ?

የአባዬን ጽሕፈት ጠየቅኸኝ። ዓይኑ ነው። ቅርቡን ያያል፤ ደብተሩን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያነባል፣ እንዲያውም ያለ መነጽር። ሩቁ ነው የጠፋበት። እኔን በእርምጃዬ ነው የሚለየኝ። የመለኪያው ምሰሶ ደግሞ ከመስኮቱ አርባ እርምጃ ይርቃል። እንዴት ታነበዋለህ ብዬ ብጠይቀው «ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ ዓይን አይስትም» ብሎ ተቆጣ። በመለኪያ ሰዓት በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። አልተጋፋሁትም። ከዚያች መስኮት ከተነሣ ምን ይቀረዋል? እናታችን ከሞተች ወዲህ አቁሞ የያዘው ያ ምሰሶ ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ያ አሸዋ ቆፋሪ መርከብ ሥራውን ጨርሶ ሄደልን። ሦስት ዓመት ሙሉ የወንዙን አፍ ሲቆፍርና ሲጮህብን ኖሮ አሁን ጆሯችን አረፈ። ትልልቅ መርከቦች እስከ መጋዘኑ ድረስ ይገባሉ። ጽፌልህ አልነበረም እንዴ? የጻፍኩልህ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምጠይቅህን በአንድ ቃል መልስልኝ። ወንዙ በዝናብ ሞልቷል። በመጪው ሙሉ ጨረቃ ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚገባበት ቀን ነው፤ በሕፃንነታችን አባዬ ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳየን የነበረው። ወረቀትህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይገባል ይላል። አይቸኩል ሰውና ፖስታ ጭኖ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከማዶ ይነሣል። «ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ነኝ፣ ግማሽ ሰዓት ይተርፈኛል» ይላል። ልመነው?

እህትህ


ከኮከብ ማያው ቤት
ጨረቃ በስምንት ቀኗ

እታለም፣

ሰንጠረዡን አውርጂው። አሁኑኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ። የቀረውን በኋላ ታነቢዋለሽ።

አትመኚው። በሙሉ ጨረቃ ቀን አይቸኩል ከማዶ አይነሣ። እምቢ ካለ ትኬት አትቁረጪ፣ ጀልባዋን አስሪያት፣ ሞተሯን ስበሪ፣ ያሻሽን አድርጊ። ውሃው ከወረቀቱ ቀድሞ ይመጣል። በስንት እንደሚቀድም አላውቅም፤ በትልቁ ሙላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ስልክ ሁለት ቀን ሞከርኩ። ከማዶ ወዲህ ያለው መስመር በዝናቡ ወድቋል ይሉኛል። ራሴ ልነሣ ብዬ ጣቢያ ሄድኩ። ድልድዩን ጎርፍ ስለነካው ሰው የሚጭን ባቡር ቆሟል፤ ፖስታ ብቻ ዞሮ ይሄዳል። ጣቢያ ኃላፊውን ከፖስታው ጆንያ ጋር ጫነኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አሳቀው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሸዋው ሲቆፈር አፉ ጥልቅ ሆነ። በጥልቅ ውሃ ውስጥ ሙላት ይፈጥናል፣ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ የአባዬ ቁጥሮች መለወጥ ነበረባቸው። አልተለወጡም። እንዴት ብዬ፣ ልጅ ሳለሁ ከድሮዎቹ ደብተሮች ገልብጬ የያዝኳቸውን ገጾች ከአዲሶቹ ጎን ዘረጋኋቸው። ያለፉት ሁለት ዓመታት ቁጥሮች ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከተጻፉት ጋር አንድ ናቸው እታለም። ቀን በቀን፣ በሴንቲ ሳይቀር። ጨረቃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በዚያው ቀን ያንኑ መልክ ይዛ ትመለሳለች፤ ይህን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። አባዬ ምሰሶውን አያየውም። በሩን ዘግቶ የዱሮ ደብተሩን ነው የሚገለብጠው። እኔ ደግሞ «የቅርቡ ይበልጥ ይታመናል» ብዬ ሰንጠረዡን በነዚያ በሁለቱ ዓመታት ላይ አቆምኩት። ቁጥሮቹ እንዴት ያምራሉ እያልኩ ነበር የሠራሁት። ማማራቸው ነበር ሊያስጠረጥረኝ የሚገባው፤ እውነተኛ ውሃ እንዲያ አይታዘዝም።

አንድ ነገር ደግሞ መደበቅ አልችልም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን አልፎታል። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ አልከፈትኩትም። በዚያው ሰሞን ከሥራው አሰናበቱኝ። መቼ ትመጣለህ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቅ ስለነበር ማንበብ ፈራሁ። ትናንት ከፈትኩት።

ለአባዬ ምንም አትንገሪው። የልጅህ ስሌት ተሳስቷል በይው። እንደዚያም ነው።

አውርጂው። እባክሽ እታለም፣ አውርጂው።

ወንድምሽ


ከኮከብ ማያው ቤት
ጨረቃ በአሥራ ስድስት ቀኗ

እታለም፣

ትናንት ጨረቃዋ ሞልታ ወጣች። ከመስኮቱ ሸሸሁ።

ደብዳቤዬ በጊዜው ደረሰሽ ወይ? ከፖስታ ቤቱ ሰውዬ ጋር መንገዱን በጣታችን ካርታ ላይ ሄድንበት። ስድስት ቀን ይፈጃል አለኝ፣ ቢበዛ ሰባት። ስድስት ከሆነ ከሙላቱ በፊት ባለው ቀን አንቺ እጅ ገብቷል። ሰባት ከሆነ ግን ያንለት ነው። ጧት ከሆነም በቂ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ስልኩ አሁንም ዝም ነው። አይቸኩል እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር፣ አንቺም ስትቆጪው ነው የምትታዩኝ። እንዲህ እንደሆነ ጻፊልኝ። ስደቢኝ፣ በከንቱ አስደነገጥከን በይኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብቻ አትበይኝ።

ወንድምሽ


ከወንዙ አፍ
ጨረቃ በሃያ ሦስት ቀኗ

ወንድሜ፣

ደብዳቤዬ በጊዜው ደረሰሽ ወይ ብለሃል። በሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከማዶ ተነሣ። አይቸኩል ይዞት ነበር።

የፖስታውን ቦርሳ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው መቀመጫው ሥር ካለው ብረት ጋር በሁለት ቋጠሮ አስሮት ነበር። ጀልባዋን በማግሥቱ ረግረጉ ላይ ተገልብጣ ሲያገኟት ቦርሳው እዚያው ነበር። የሰዎቹ ደብዳቤ ሁሉ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። ያንተ ብቻ ተነበበ። እርሳስ ውሃ አይፈራም። «አውርጂው» የሚለውን ቆጠርኩት፤ ሦስት ጊዜ ጽፈሃል።

ውሃው ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ገባ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው የትኬት ቤቱ ሰዓት ከወረቀትህ አጠገብ ስለተሰቀለ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አየኋቸው። በመስኮቱ ሌላም ያየሁት ነገር አለ፤ እሱን አልጽፍልህም፣ ስንገናኝም አትጠይቀኝ።

ስምንት ሰው ጭኖ ነበር። ሰባቱን ዓሣ አጥማጆቹ አወጧቸው። ልብስ ሰፊዋን አላገኟትም። አይቸኩልን በሦስተኛው ቀን አገኘነው፣ ቀብረነዋል። ጫማው በእግሩ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ልረግምህ ብድግ ብዬ ነበር። አምስት ቀን ዘግቶ አስቀመጠው እያልኩ ግድግዳ መታሁ። ከዚያ እኔስ አልኩ። ባሌ ውሃው ቀደመኝ ሲለኝ አንተን ላለማስቀየም ስንት ሳምንት አፌን ዘጋሁ? ሦስት ዓመት ሲቆፈር አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። ሁላችን ስንተዛዘን ነው እሱን የገደልነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ፤ አሁን ይህን ሁሉ ማወቄ ምን ይረባኛል? ማታ ማታ የሱን ወገን አልጋ እንዳይበርደው አድርጌ አነጥፋለሁ። አበድኩ መሰለኝ።

አባዬን አልነገርኩትም፣ እንዳልከኝ። እሱም አልጠየቀኝም። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «የልጁ ወረቀት ነው ያስበላው» ይላል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ወረቀቱን ከነመስታወቱ አውርዳ እግራችን ሥር ሰበረችው። አባዬ መካከላቸው ተቀምጦ ይሰማል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የልጁን ስም ሲያነሡ አንገቱን ይደፋል እንጂ የኔ ነው አይልም። ወንድሜ፣ ያ ዝምታው ከባሌ ሞት እኩል ሊገድለኝ ነው። አሁንም በመለኪያ ሰዓት ገብቶ በሩን ይዘጋል። አሁንም ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አንተም እኔም እናውቃለን።

እስከ መቼ ነው ዝም የምለው?

እህትህ


ከኮከብ ማያው ቤት
ጨረቃ በሃያ ዘጠኝ ቀኗ

እታለም፣

ምን ብዬ ልጀምር? ነፍሱን ይማር የሚለውን ቃል ስጽፈው እጄ እምቢ አለኝ፤ ለሱ አይሆንም ብሎ። ጫማው በእግሩ ነበር ያልሽውን ደጋግሜ አነባለሁ።

እስከ መቼ ዝም እላለሁ ላልሽው መልሴ ይህ ነው፦ ለዘላለም። ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ ለጀልባ ማቆሚያው ሰዎች ሁሉ የተጻፈ ነው። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አፉ መቆፈሩን ሳልጠይቅ ሠራሁ፣ ማስጠንቀቂያ ሲላክልኝ አምስት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ፣ የሁለቱ ሰዎች ደም በኔ ላይ ነው ይላል። ውሸት የለበትም። የአባዬ ነገር ብቻ ነው የጎደለው። ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ጥላቻቸው እዚህ አይደርስብኝም። እሱ ግን በዚያ ዕድሜው ከነዚያ ሰዎች ጋር ነው ወጥቶ የሚገባው። ይህችን እንኳ ልሸከምለት። ለአባቴ በሕይወቴ ሌላ ምን ሠርቼለት አውቃለሁ?

ዕቃዬን ካሰርኩ ሳምንቴ ነው። የምሄድበት የለኝም። ልምጣ ወይስ ልቅር? ፊቴን ማየት ትችያለሽ?

ወንድምሽ


ከወንዙ አፍ
ጨረቃ በሃያ ስምንት ቀኗ፣ የዝናቡ መውጫ

ወንድሜ፣

መልሴ የዘገየው የምጽፈው ነገር እስኪያልቅ ስለጠበቅሁ ነው። አላለቀም፣ ግን ይበቃል።

ወረቀትህን አነበብኩላቸው። በሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ከትኬት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ ቆሜ። ጀልባ ስለሌለ የሚሻገር አልነበረም፤ ውሃው ሲገባ ለማየት ነበር ሰው የወጣው። ከአደጋው ወዲህ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከፊት ቆማ ነበር። አባዬ በትሩን ይዞ ከጎኔ ተቀምጧል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

አባዬ «ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። «ደም በኔ ላይ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ተነሣ። በትሩን ለኔ ሰጠኝ። ደረጃውን እየቆጠረ ወረደ። ወዴት ነው አልኩት። ግድግዳው በወንዙ መሐል አልፎ፣ ውሃው በዳር እየሞላ ነበር። ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ፣ እሱ ወደ ምሰሶው መሄዱን አልተወም። ሰው ሁሉ ጮኸ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሊይዙት ሲገቡ «አትንኩኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። በዚያ በድሮው ድምፁ።

ምሰሶውን አቀፈው። ታስታውሳለህ፣ ቀለሙ ቢጠፋ ብሎ በየአሥር ሴንቲው በመጋዝ ጥርስ አውጥቶለት ነበር፤ የሜትሩን ደግሞ ጠለቅ አድርጎ። ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየዳበሰ ቆጠረ፣ ጣቱ ውሃውን ሲነካ ቆመ። ከዚያ ዞሮ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰዉ ሁሉ ዞሮ፣ «አንድ ሜትር ከሃያ። ጻፊ። ይሄ የዛሬ ነው» አለ።

ያንተን ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

«ሁለት ዓመት የሰጠኋችሁ የዛሬ አልነበረም» አለ። «ዓይኔ ጠፍቶ ነበር፣ አፍሬ የዱሮ ውሃ ሳስነብባችሁ ኖርኩ። ልጄ ያሰላው እኔ ያላየሁትን ነው። አማቼን የበላሁት እኔ ነኝ። እናትሽንም የበላሁት እኔ ነኝ።» የመጨረሻውን ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበር የተናገረው፤ የት እንደቆመች አላየም እንጂ ፊቱን ያዞረው ወደሷ ነበር። እሷ ዞራ ሄደች። እስከ ዛሬም በኛ ደጅ አታልፍም። ይቅር በይን ብዬ አልጠየቅኋትም፣ አንተም እንዳትጠይቃት።

አባዬ ውሃው አንገቱ እስኪደርስ ቁጥር እየጠራ ቆየ። ሰዎቹ ተሸክመው ነው ያወጡት። ማታ ትኩሳት ያዘው፤ የዱሮዎቹን ደብተሮች ከአልጋው ሥር አስወጣኝና «ዓይኔ ሳለ የጻፍኩት ነው፣ አትጣሉት» ብሎ አለቀሰ። አባዬን ሲያለቅስ ከእናታችን ቀብር ወዲህ አላየሁትም ነበር። ልጠላው አስቤ ነበር ወንድሜ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሲያለቅስ ግን አፍንጫውን እንደ ሕፃን ጠረግሁለት።

ከተሻለው ቀን ጀምሮ ውሃው ሊገባ ሲል ይወርዳል። ወገቡን በገመድ አስሬ ጫፉን እኔ እይዘዋለሁ። እሱ በጣቱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ነጯን ጨርቅ ከሣጥን አውጥቼ አጥቤያታለሁ። አባዬ ውሃው ዞረ ሲለኝ እሰቅላታለሁ፣ ሲረጋ አወርዳታለሁ። የአይቸኩልን ጀልባ ጠግነዋታል። የሚነዳት ሰው ጠፋ፤ ሁሉም መቀመጫዋን አይቶ ይመለሳል። እኔ ልነዳት ነው። ሁለት ጊዜ ባዶዋን ተሻግሬ ተመለስኩ። መሐል ላይ ስደርስ እንዴት እንደሆንኩ አልነግርህም።

ውሃው ለምን እንደሚቀድም እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አሁን ያውቃል። በስንት እንደሚቀድም የሚያውቅ ግን የለም፤ ለትንሹ ሙላት ስንት፣ ለትልቁ ስንት። ጨርቋ የምትነግረን የደረሰውን ነው፤ የሚመጣውን የሚነግረን ወረቀት ያስፈልገናል። ያሳሳተው ሰው ካልሆነ ማን ይሠራዋል? የአሥራ አንድ ቀን እውነተኛ ቁጥር ተጽፎ አለ። አልላክልህም። በፖስታ የሚላክ ነገር ከእንግዲህ አላምንም፤ አንተም ሰንጠረዡን እዚያ ሆነህ እንዳትሠራው።

ፊቴን ማየት ትችያለሽ ወይ ብለሃል። አላውቅም። ናና እንየው።

ባቡሩ ሥራ ጀምሯል አሉ። ማዶ ስትደርስ ወንዙ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥና ወደኛ ጣሪያ እይ። ነጯ ጨርቅ ተሰቅላ ካየህ ማንም ቢለምንህ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ። ጨርቋ ስትወርድ እኔ ራሴ ተሻግሬ እወስድሃለሁ።

እርሳስ ይዘህ ና፤ የኛ አልቋል።

እህትህ